የደበዘዘ የኋላ መብራት፦ ማሳደስ፣ ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ?

ድሬዳዋ ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፈው ፒክአፕ የኋላ መብራቱ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ወይ ጥላ ሥር ነው የኖረው ወይ በቅርቡ ተቀይሮለታል። ፀሐዩ ቀዩን ሮዝ ያደርገዋል፣ የፍሬቻውን ብርቱካናማ ያነጣዋል፤ የቀረውን አቧራው ይጨርሰዋል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል መኪና አይጎዳም የሚሉ አሉ። ሙቀቱን ብቻ ካየን ልክ ናቸው። ግን ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ፕላስቲክን የሚያስረጀው ጨረር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል።

ከሦስቱ አማራጮች ርካሹ ማሳደስ ነው፤ የሚያዋጣው ግን መብራቱ የሚታደስ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። መብራቱን በሳሙና እጠቡና ገና እርጥብ እንዳለ እዩት። ውሃ ሲነካው ቀይነቱ ተመልሶ ሲደርቅ እንደገና አመድ የሚመስል ከሆነ የተጎዳው ላዩ ብቻ ነው፤ ይታደሳል። እርጥብ ሆኖም ሮዝ ከሆነ ቀለሙ ራሱ ሄዷል። ቀዩ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በመወልወል አይመለስም። በጥፍር የማይዳሰስ፣ ከውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለውም እንደዚያው ነው፤ ለእድሳት የሚከፈለው ገንዘብ ባክኗል ማለት ነው።

በዚህ ፈተና ላለፈ መብራት እኔ ማሳደስን እመርጣለሁ። ውሃ የማይፈራ ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል። በ1000 ቁጥር ተጀምሮ በ1500 እና በ2000 ይጨረሳል፤ በጣም ለሻከረው ብቻ 800 ይቀድማል። ሁልጊዜ ውሃ እየተጨመረ ነው የሚፈገፈገው። መሀል ላይ መብራቱ ከመጀመሪያው የባሰ ደብዝዞ ሲታይ አትደንግጡ፤ ጥራቱን የሚመልሰው መጨረሻ ላይ የሚመጣው የመወልወያ ኮምፓውንድ ነው። የሚፈገፈገው የውጩ ፊት ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል ያሉት ጥቃቅን ቅርጾች ከኋላ የሚመጣን መኪና መብራት መልሰው የሚያንጸባርቁ ናቸው፤ ከተነኩ አበቃ።

ሠሪው ቀለም ቀቢ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ቦዲ ከመቀባቱ በፊት ቆርቆሮውን በቲነር መጥረግ ልማዱ ነው፤ ለቆርቆሮው ትክክል ነው። አብዛኛው የኋላ መብራት ግን የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ ቲነር፣ አሴቶን፣ አልኮል ሲነካው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። በዕለቱ ላይታይ ይችላል፣ ውሎ አድሮ ይወጣል። ስለዚህ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። በወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ወልውሎ የሚያብረቀርቅም ሰው አለ፤ የሚያብረቀርቀው ቅባቱ ፕላስቲኩን እያሟሟው ስለሆነ ነው። የጥርስ ሳሙና አይጎዳም፣ ብዙም አይጠቅም።

ትራንስፓረንት (ከላይ የሚረጨው ቀለም አልባ መከላከያ) ይቀባ ወይስ አይቀባ? የፊት መብራት ቢሆን ያለ ጥርጥር ይቀባ እላለሁ፤ የፊቱ ፖሊካርቦኔት ነው፣ መከላከያው ከተነሳ በጥቂት ወራት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። የኋላው አክሪሊክ ግን በተፈጥሮው ፀሐይን የተሻለ ይችላል። ከተወለወለ በኋላ የመኪና ሰም እየተቀባ፣ በየጊዜው ሰሙ ከታደሰ ጥሩ ይቆያል። ትራንስፓረንት የራሱ ማሟሟያ ስላለው ፕላስቲኩን ሊነካ ይችላል፣ ሲያረጅም እየተላጠ ይነሳል። የግድ ይቀባ ካላችሁ ማለዳ ይሁን፤ በድሬ ቀትር የጋለ ፕላስቲክ ላይ የተረጨ ቀለም ሳይተኛ ይደርቃል። የደበዘዘውን ቀይ ቀለም መርጨትስ? አይሆንም። ቀን ያምራል፣ ማታ ብርሃኑን ይውጠዋል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ በሚጎርፈው መኪና መሀል ሌሊት ላይ ከፊታችሁ ያለው መኪና ፍሬን መያዙን የሚነግራችሁ ያቺ መብራት ብቻ ናት።

ፈተናውን ለወደቀ መብራት የመጀመሪያ ምርጫዬ ያገለገለ ኦርጅናል ነው። ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ቦታው ላይ ሳይታገል ይገባል። ሻጩ ሁሉ «አቦ፣ ኦርጅናል ነው!» ማለቱ ስለማይቀር ጀርባውንና ጠርዙን ገልብጣችሁ አንብቡ። በጃፓን መኪኖች ላይ ኮይቶ፣ ስታንሊ ወይም ኢቺኮ የሚል የመብራት አምራች ስም ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የቪቴዎቹ ቀዳዳ ዙሪያ አለመሰንጠቁን እዩ፤ ያገለገለ መብራት የሚሞተው እዚያ ነው። የውሃውን ፈተናም ሱቁ በር ላይ አድርጉት፤ ሻጩ ዘይት ወይም ሲሊኮን ቀብቶት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ።

አዲስ ኮፒ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። እንደ ዴፖ ያሉ የታይዋን አምራቾች (አገሩን ማለቴ ነው፣ የድሬውን ገበያ አይደለም) ከኦርጅናሉ የሚቀራረብ ይሠራሉ። ስም የሌለው ግን ቀጭን ነው፣ ቀለሙም እዚህ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሸሻል። ትልቁ ችግሩ ከቦዲው ጋር የሚያሽገው ጎማ ነው፤ በደንብ ስለማይገጥም ዝናብ ያስገባል፣ ከዚያ የአምፖሉ ማቀፊያ ይዝጋል። ኮፒ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ አስተያዩ። አሮጌው ጎማ ደህና ከሆነ አትጣሉት።

የአይሱዙ የጭነት መኪና ባለቤት ከሆናችሁ ነገሩ ይቀላል። በብዙዎቹ ላይ ሽፋኑ በቪቴ ስለሚታሰር ሙሉውን መብራት ሳይሆን ሽፋኑን ብቻ መግዛት ይቻላል። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ማሳደስ ብዙም አያዋጣም፤ ለዕለት እንጀራ የሚሮጥ መኪና ለመወልወል ግማሽ ቀን ከሚቆም ሽፋኑ ቢቀየር ይሻላል። አምፖል አብራችሁ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ አብዛኛው አይሱዙ 24 ቮልት ነው፣ ፒክአፕ 12 ቮልት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሽፋኑን ፍቱና ውስጡን እዩ። አምፖሉ ጠቁሮ፣ ብር መሳዩ አንጸባራቂ ተላጦ ወይም የኔጌቲቭ ሽቦው ዝጎ ከሆነ የደከመው ብርሃኑ ራሱ ነው፤ አዲስ ሽፋንም አያነሳውም። ውስጡ ሁለት የሚበራ ሽቦ ያለው አምፖል፣ ለማታ መንገድ 5 ዋት ለፍሬን 21 ዋት የሆነው፣ ፍሬን ሲረገጥ ለውጡ በግልጽ መታየት አለበት። ሲገጠም ቪቴዎቹን በእጅ፣ ተራ በተራ ጥበቁ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አዲሱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለውም ወደ ታች ይሁን።