ሮልስ ሮይስ 20/25 ወይስ ፓካርድ 120? ለሠርግ ኪራይ የድሮ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ

የሠርግ ወቅት በቀረበ ቁጥር ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የ1934 ሮልስ ሮይስ አግኝቻለሁ፣ 42 ሺህ ዶላር ብለውኛል፣ ለሙሽራ ማከራያ ይሆነኛል?» ለእያንዳንዱ ስመልስ ጉሮሮዬ ደርቋልና ከዚህ በኋላ ይህን እልክላችኋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ፓካርድ ግዙ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የማወዳድረው በዚህ በጀት ደጋግመው ገበያ ላይ የሚወጡትን ሁለቱን ነው። ሮልስ ሮይስ 20/25 እንግሊዝ አገር ዳርቢ ከተማ ከ1929 እስከ 1936 የተሠራ ነው፤ ጠቅላላ ቁጥሩ አራት ሺህ አይሞላም። ፓካርድ 120 ደግሞ በ1935 ከዲትሮይት የወጣው ባለስምንት ሲሊንደር ነው። የፈረስ ጉልበቱን ዝርዝር የፈለገ ከየትም ያገኘዋል፤ ሮልስማ ጉልበቱን ለገዢውም አይናገርም ነበር። እኔ የማወራው ስለ ገንዘብ ነው።

ደህና የሚባል ባለአራት በር ፓካርድ 120 ዛሬ ከ15 እስከ 30 ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ጣሪያው የሚከፈተው ከዚህ በብዙ ይወደዳል፤ ለሠርግ ግን አያስፈልጋችሁም፤ ቬሎና ነፋስ አይስማሙም። ጣሪያው የማይከፈት 20/25 ከ35 እስከ 60 ሺህ ይጠየቅበታል። ከ30 በታች ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የቀረውን ገንዘብ በኋላ ለጠጋኙ ትከፍሉታላችሁ።

ፓካርዱ ለምን ረከሰ? ብልሽት ኖሮበት አይደለም። ፓካርድ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን የሀብታም መኪና ብቻ እየሸጠ መኖር ሲያቅተው 120ን ከ980 ዶላር ጀምሮ አወጣው፤ ከዚያ በፊት የፓካርድ መኪና አብዛኛው ከሁለት ሺህ በላይ ነበር። ኩባንያው በዚህ ተረፈ፤ ነባሮቹ ደንበኞች ግን «ስማችንን አራከሰው» ብለው አኮረፉ። ኩርፊያው እስከ ዛሬ አልበረደም። የአሜሪካ ክላሲክ መኪና ክለብ ሮልስ ሮይስን «ሙሉ ክላሲክ» ብሎ ሲቀበል፣ 120ን ልዩ ቦዲ ከለበሱት ጥቂቶች በቀር ከዝርዝሩ ውጪ አድርጎታል። ለዋንጫ ለሚወዳደር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ግን ቅናሽ ነው፤ ሙሽራዋ የክለብ መታወቂያ አትጠይቅም።

ደግሞ ፓካርድን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ለሚያዩ አንድ ነገር ላስታውስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሮልስ ሮይስ መርሊን የአውሮፕላን ሞተር አሜሪካ ውስጥ በፈቃድ የተሠራው በፓካርድ ነው፣ ያውም ከ55 ሺህ በላይ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ ቦዲው። በዚያ ዘመን ሮልስ ሮይስ የሚሸጠው ሞተር የተገጠመለት ሻንሲ (ቦዲ የሌለው የታችኛው የብረት አካል) ብቻ ነበር። ገዢው ሻንሲውን ወደ ሁፐር፣ ወደ ፓርክ ዋርድ ወይም ወደ ሌላ ቦዲ ሠሪ ወስዶ እንደ ሱፍ ልብስ በልኩ ያሰፋለታል። ስለዚህ የአንዱ በር ለሌላው አይገጥምም። ውስጡ የአሽ እንጨት አጽም ነው፣ ላዩ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም። ዘጠና ዓመት ዝናብና እርጥበት የጠጣ እንጨት ምን እንደሚሆን ለአናጺ መንገር አይጠበቅብኝም። ቀለሙ እንደ መስታወት ሲያበራ ከሥሩ ያለው እንጨት ዱቄት ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይታወቃል? ማግኔት ይዛችሁ አትሂዱ፤ አሉሚኒየም ላይ አይሠራም፣ ስቱኮውንም (ጉድጓድ መሙያውን ልጥፍ) አያሳይም። የኋላውን በር ግማሽ ድረስ ክፈቱና ከታች በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉት። በሩ ብቻውን ከተነቃነቀ ማጠፊያው አልቋል፤ ይህ ቀላል ነው። በሩ ከነቋሚው አብሮ ከተነሣ ግን እንጨቱ ሄዷል። ከዚያ የማጠፊያውን ብሎን በካቻቢቴ ዞር አድርጉት። አንድ ጓደኛዬ ሊገዛው በነበረ መኪና ላይ እንዲህ ሳደርግ ብሎኑ ሳይነክስ ክብ ዞረ፤ ሳወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ ብናኝ ነበረበት፣ ጣቴ ላይ ሲያርፍ እንደ ሽሮ ለሰለሰ። ሻጩ «ቅባት ነው» አለን። የዚያን ቦዲ እንጨት ለማደስ የተሰጠን ግምት ከመኪናው ዋጋ በለጠ።

ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ አልጠየቀኝም። ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ሁለት ቀለም የተቀባ 20/25 በ58 ሺህ ገዛ። ሮልስ ሮይስ ለእያንዳንዱ ሻንሲ መዝገብ ነበረው፤ እንግሊዝ አገር ያለው የባለቤቶቹ ክለብ ጠብቆ አቆይቶታል፣ በሻንሲ ቁጥር ከፍላችሁ ቅጂ ማግኘት ትችላላችሁ። ቅጂው ሲመጣ መኪናው ሲወለድ ዝግ ሊሞዚን ነበር! ነባሩ ቦዲ ተጥሎ አዲስ ክፍት ቦዲ ለብሷል። ሻንሲውና ሞተሩ እውነተኛ ስለሆኑ ሊብሬው አይዋሽም፤ ዋጋው ግን ይዋሻል። ሊሸጠው ሲሞክር 31 ሺህ ሰጡት። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መዝገቡን ጠይቁ። ሻጩ «ጊዜ የለም፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ካለ ይምጣለት።

ከዚህ የባሰውም አለ፤ ፊቱ የሠላሳዎቹ መኪና የሚመስል፣ ቦዲው ፋይበር፣ ሞተሩ ተራ ዘመናዊ መኪና የሆነ። ለኪራይ የሚገዙት ብዙ ናቸው፤ ሳይበላሽ ይሠራልም። ግን መልሳችሁ ስትሸጡ ያገለገለ ተራ መኪና ነው የሸጣችሁት። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ሁለት ሰከንድ ነው።

ፓካርዱ በዚህ በኩል እንቅልፍ ይሰጣል። 120 በብዛት ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ቦዲው በአመዛኙ ብረት ነው፤ ላሜራ የሚቀጠቅጥ ጥሩ ባለሙያ ይበቃዋል። የአንዱ ፓራፋንጎ ለሌላው ይሆናል። በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልጉ፤ መኪናውን መጀመሪያ የሸጠው ወኪል ስምና ከተማ፣ ያስረከበበት ቀንና የመኪናው ቁጥር ተመትቶበታል። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ወይም ሰሌዳው አዲስ ከመሰለ ጥያቄ አብዙ።

የመለዋወጫ ነገር ላይ ሰው ሮልስን ያለ አግባብ ያማል። የ20/25 ዕቃ ይገኛል፤ እንግሊዝ አገር አዲስ የሚያመርቱ አሉ። የሚያንገበግበው ዋጋው ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ከተሰነጠቀ፣ ይህ ደግሞ የታወቀ ሕመሙ ነው፣ አዲሱ ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ የሚገጥመው ሰው በሰዓት የሚያስከፍለውን ስትሰሙ ቁጭ ትላላችሁ። የፓካርድን ሞተር ግን የድሮ አሜሪካ መኪና የሚያውቅ ማንኛውም አዛውንት መካኒክ ፈቶ ይገጥመዋል።

ሾፌር መቅጠርም አለ። 20/25 መሪው በቀኝ ነው፤ የማርሽ ዘንጉም ከሾፌሩ ቀኝ፣ በሩ ሥር ቆሟል፣ ሲገባና ሲወጣ ሱሪ ይይዛል። ከ1932 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ማርሽ ለማስገባት የሞተሩን ድምፅ የሚለይ ጆሮ ያስፈልጋል። ፓካርዱ መሪው በግራ፣ ካምቢዮው ባለሦስት፣ ፍሬኑ ሃይድሮሊክ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ በዕለት ሥራው ታክሲ ነጂ፣ በአንድ ከሰዓት ለመደው።

ፓካርዱ ንጹሕ መልአክ ነው አልልም። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው፤ ቀጭን የባትሪ ገመድ ከተገጠመለት ሲሞቅ አይነሣም። ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ በተለመደው አያያዝ የሚያስነሣላችሁ ሰው ጉድ ያደርጋችኋል። በሐምሌ ሙቀት ትራፊክ ውስጥ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና ሞተሩ ያንቃል፤ ይህ ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሚሆን ነገር ነው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የድሮውን ጎማ ቱቦ ስለሚበላ ቱቦዎቹን በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩ። የሚያብረቀርቁት እጀታዎችና ጌጦች ከርካሽ ቅይጥ የተጣሉ ናቸው፤ ይበሳሳሉ፣ ማስነከሩም ውድ ነው። ዕቃቸው ያልጎደለ መኪና ላይ ሁለት ሺህ ጨምሩ እንጂ «በኋላ እሞላዋለሁ» አትበሉ።

ስለ አያያዝ የምመክረው አንድ ነገር፣ ቀለሙ ነባሩ ከሆነ አትቀቡት። የደበዘዘ ቀለም፣ የተሰነጣጠቀ ቆዳ፣ ያረጀ ምንጣፍ ዛሬ ዋጋ አላቸው፤ ትልልቆቹ የመኪና ውድድሮች እንኳ ላልታደሱ መኪኖች የራሳቸውን ምድብ ከፍተዋል። ክረምት ላይ ደረቅ ጋራዥ፣ ከባትሪው የተፈታ ገመድና የአይጥ ወጥመድ ይበቃል። ፕላስቲክ አታልብሱት፤ እርጥበት ያፍናል፣ የሮልሱን እንጨትማ ይጨርሰዋል።

ብዙዎች የሚዘሉት ኢንሹራንሱን ነው። ለሰብሳቢዎች የሚሸጠው ርካሹ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ለኪራይ ሥራ አይከፍልም። የንግዱ ኢንሹራንስ የዓመቱን የግንቦትና የሰኔ ገቢ ሊበላ ስለሚችል፣ መኪናውን ሳትገዙ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«አገር ቤት ወስጄ አዲስ አበባ ባሠራውስ?» ለምትሉኝ፣ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ተዉት።

ሮልስ ግዛ የምለው አንድ ሰው አለ። ገንዘቡ የተረፈው፣ የሻንሲ መዝገቡ ቅጂ ከነባሩ ቦዲ ጋር የሚገጥምለት፣ በሩን ከታች ገፍቶ ያልተነቃነቀበት፣ ለኪራይም የማይቸኩል። እሱም ቢሆን 42 ከተባለ 36 ብሎ ይጀምር፤ ከአርባ በላይም አይውጣ።