ከቤተ ክርስቲያን በር የሚገዛው ዳዊት፦ የትኛው ለዕለት ጸሎት ይሆናል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ላለ ሰው ዳዊት (የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ) ለመግዛት ፒያሳ ድረስ መንከራተት ቀርቷል። በአጥቢያው በር ላይ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡት የንዋያተ ቅድሳት ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ዳዊት አያጡም፦ ግእዝ ብቻ፣ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን፣ እና የኪስ። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል። የኪሱ የሚገዛው በርካሽነቱ ነው፤ ቶሎ የሚጣለውም እሱ ነው።

የኪሱ ዳዊት ችግር ፊደሉ ነው። ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ካዕብና ሣልስ አይለዩም፣ መብራት በጠፋ ምሽት በጧፍ ሲነበብ ደግሞ ይብሳል። አንዳንዱ መዝሙሩን ብቻ ይዞ ሌላውን ይተወዋል። ሙሉ ዳዊት የሚባለው ከ150ው መዝሙር ሌላ 151ኛውን፣ 15ቱን ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን የያዘው ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ማየት ይገባል።

ቀጥሎ ጥራዙ። መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍቶ ወደ ስፌቱ ማየት ነው፤ ክር ካልታየና ሙጫ ብቻ ከሆነ በየቀኑ የሚገለጥ መጽሐፍ አይሆንም። ቀድሞ የሚገነጠለው መዝሙር 50 ያለበት ቅጠል ነው፣ ንስሐ የያዘ ሁሉ እሱን ይገልጣልና። ቅጠሎች ተደግመው ወይም ጎድለው የሚጠረዙበት ጊዜም አለ፤ ቁጥሩን ከ1 እስከ 150 በአውራ ጣት እያገላበጡ መፈተሽ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

የኅትመት ስሕተት ከሁሉ ይከፋል። በአማርኛ ሠ እና ሰ ቢቀያየሩ ማንም አይጎዳም፤ በግእዝ ግን «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። በመዝሙር 103 ቁጥር 22 ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ ገልጦ ማየት ጥሩ ፈተና ነው፤ እዚያ ላይ ፀሐይ ሌባ ሆና ከተገኘች የቀረውንም አራሚ አላየውም ማለት ነው።

ጎን ለጎን የታተመው ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አፍ ግእዙን ሲል ዓይን አማርኛውን ይጠይቃል። ድክመትም አለው። ትርጉሙ ቃል በቃል ስለሆነ ገና በመጀመሪያው መዝሙር «ብፁዕ»ን «ምስጉን» ብሎ ያልፈዋል፤ «ምስጉን» ግን በ«ብፁዕ» ውስጥ ያለውን ደስታ አይሸከምም። አንድምታውን፣ ማለትም የሊቃውንቱን ትርጓሜ፣ ከመምህር መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የግእዝ ንባብ ዓይነቶችም በፊደል አይታዩም፤ የአጥቢያው የአብነት መምህር ጥቂት መዝሙሮችን ቢያስነብቡ የቀረው ይቀላል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊቱ 22ኛ ሲሆን በብዙ የስልክ መጽሐፍ ቅዱሶች ላይ 23ኛ ነው። ሌላ መዝሙር አይደለም። በስልኩ 9ኛና 10ኛ የተባሉት በዳዊቱ አንድ ስለሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል፤ ከ148 ጀምሮ እንደገና ይገናኛሉ። ሁለቱንም ቁጥር ያተመ ዳዊት ከተገኘ ጥቂት ተጨማሪ ብር ያዋጣል።

አሁን ወደ አደጋገሙ፣ ማለትም ወደ አጸላለዩ። የሳምንቱ ሥርዓት ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ይህ ለለመደ ነው። ጀማሪ ሰኞ በ30 መዝሙር ተነሥቶ ረቡዕ ላይ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ዓርብ 20 ብቻ መስላ የምታታልለውም 118ኛውን ስለያዘች ነው፦ 22 ፊደላት፣ በየፊደሉ 8 ቁጥር፣ በጠቅላላው 176። ይልቅ በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ቢያዝ በ15 ቀን ይዘለቃል። አሥሩም ከበዛ አምስት፤ ከንፈር ሮጦ ልብ ወደ ኋላ ከሚቀር።

አባቶች መጽሐፍ ስናነብ እግዚአብሔር ያናግረናል፣ ስንጸልይ እናናግረዋለን ይላሉ። ዳዊት ላይ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይሆናሉ፤ የሚነበበው ቃል ራሱ ልመና ነውና። ስለዚህ አንድ ቁጥር ልብን ሲይዝ ቆም ብሎ መድገም ንጉሡን ለመጨረስ ከመቸኮል ይሻላል። «ነፍሴ አንተን ተጠማች» የሚለው 62ኛው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ሱቆቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ የተበላሸ ለመለወጥ ግን ብዙም አይወዱም፤ ፍተሻው ከክፍያው በፊት ይሁን። የቆዳ ማኅደሩን (መያዣውን) ለብቻ መግዛት ያዋጣል፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፣ በገባና በወጣ ቁጥርም የሽፋኑን ጥግ ይልጠዋል።