ባለ 5 ኮከቡ ምን ያህል ያወጣል? የ247 ስፖርትስ፣ የራይቫልስና የኢኤስፒኤን የምልመላ ደረጃዎች ሲገመገሙ

በዲሴምበር መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖች ሲፈርሙ ወሬው ሁሉ ለልጆቹ ችሎታ የሚሰጠው የኮከብ ወሬ ነው፤ ማን ስንት ባለ 5 ኮከብ አስፈረመ፣ ማን የማንን ልጅ ነጠቀ። ኮከቡን የሚሰጠው ግን የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አይደለም፣ ኮሌጆቹም አይደሉም። ሦስት የሚዲያ ድርጅቶች የሚያመርቱት ሸቀጥ ነው። እንደ ሸቀጥ ሲገመገም ፍርዳችን ይኸው፦ የአንድን ቡድን የአራት ዓመት የተጫዋች ክምችት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በተመልካች እጅ የለም። አንድን የ17 ዓመት ልጅ ለመመዘን ከሆነ ግን ላላ አድርጎ መያዝ ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው 247 ስፖርትስ ነው። በ2010 ሻነን ቴሪ መሠረተው፣ በ2015 ሲቢኤስ ገዛው። ገምጋሚዎቹ ከ80 እስከ 89 ለሰጡት ልጅ 3 ኮከብ፣ ከ90 እስከ 97 ለሰጡት 4፣ ከ98 ጀምሮ 5 ኮከብ ይጻፍለታል። ከዚህ ሌላ የራሱንና የተፎካካሪዎቹን ግምት አዋህዶ እስከ 1.0000 የሚደርስ ነጥብ ያወጣል፤ ኮምፖዚት የሚባለው እሱ ነው። በኮምፖዚቱ ባለ 5 ኮከብ የሚሆኑት በዓመት 32 ገደማ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም የፕሮፌሽናሉ ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ የመጀመሪያው ዙር ያለው ምርጫ 32 ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው ኮከቡን አጣሞ ያነበዋል። ኮከቡ "ይህ ልጅ አንድ ቀን በመጀመሪያው ዙር ይመረጣል" የሚል ትንበያ እንጂ "ለኮሌጁ ጨዋታ ያሸንፋል" የሚል ዋስትና አይደለም። ኪከር (ኳስ በእግሩ የሚመታው) በየሳምንቱ ውጤት ቢወስንም ብዙውን ጊዜ ከ3 ኮከብ አያልፍም፤ 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ እጀ ረጅም ታክል (የመስመር ተጫዋች) ግን ገና ጥሬ ሳለም 4 ኮከብ ሊያገኝ ይችላል።

ራይቫልስ ለረጅም ጊዜ እስከ 6.1 የሚደርስ የራሱ መለኪያ ነበረው፤ በ2025 ያው ሻነን ቴሪ በኋላ ከመሠረተው ኦን ስሪ ጋር ተዋህዷል። ኢኤስፒኤን ከ100 ይሰጣል፣ 300 ምርጦቹን በተርታ ይዘረዝራል፣ 5 ኮከብ ሲሰጥ እጁ ቆጠብ ያለ ነው። አንዱን ብቻ መከተል ለሚፈልግ ኮምፖዚቱ ይበቃዋል፤ የአንድ ገምጋሚ ፍቅር ወይም ጥላቻ እዚያ ላይ ይሟሟል።

የአንድ ተጫዋች ገጽ ሲከፈት ዐይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮከቡ ነው። ጥቅም ያለው ግን ከሥሩ ነው። ቁመትና ክብደት ላይ የተለካበት ካምፕ ተጠቅሶ ከሆነ ይታመናል፤ ትምህርት ቤቱ የላከው ከሆነ አንድ ሁለት ኢንች ቀንሱለት። የ40 ያርድ ሩጫ በእጅ ሰዓት ከተያዘ በኤሌክትሮኒክ ከሚያዘው ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ፈጥኖ ይታያል፤ ስለዚህ 4.4 የተባለው ልጅ የ4.6 ልጅ ሊሆን ይችላል። የአትሌቲክስ ሰዓት ካለው፣ በተለይ በኦፊሴላዊ ውድድር የተመዘገበ 100 ሜትር፣ ከ40 ያርዱ ይልቅ እሱን እመኑ። የኦፈሮቹ፣ ማለትም ኮሌጆች ለልጁ ያቀረቧቸው የስኮላርሺፕ ግብዣዎች ዝርዝርም ያሳስታል። ብዙዎቹ የቃል ብቻ ናቸው፤ ልጁ ዛሬ "እሺ መጣሁ" ቢል አሰልጣኙ የማይቀበለው ኦፈር ሞልቷል። በዚያ ላይ እንደ አላባማ ወይም ጆርጂያ ያሉ ኃያል ቡድኖች ኦፈር በሰጡ ማግስት ነጥቡ ከፍ ሲል የሚታየው ልጁ በአንድ ሌሊት ስለተሻሻለ አይደለም። ገምጋሚዎቹ የአሰልጣኞቹን ዐይን ስለሚከተሉ ነው፤ ይህ ደረጃውን ያበላሻል ብለው የሚከሱ አሉ፣ እኛ ግን እንዲያውም አብዛኛው ትክክለኛነቱ ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ስህተቱ የሚገባበትን ቦታ ለማየት የ2025ቱን ድራፍት መውሰድ ይበቃል። አንደኛ የተመረጠው ካም ዋርድ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ አንድም ኮከብ አልነበረውም። በቴክሳስ የተጫወተበት ቡድን በሩጫ ላይ የቆመ ስለነበር ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ወርዋሪ) ኳስ ሲወረውር የሚያሳይ ፊልም እምብዛም አልነበረም፤ የወሰደው ኢንካርኔት ወርድ የተባለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛ የተመረጠው ትራቪስ ሀንተር በአንጻሩ የ2022 ምልምሎች ቁንጮ ነበር። በኮምፖዚቱ ሙሉ 1.0000 ያገኘው ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስ ደግሞ በዚያው ድራፍት እስከ 7ኛው ዙር ጠብቆ 231ኛ ተመረጠ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው "ኮከብ ውሸት ነው" ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ባለ 3 ኮከቦች በየዓመቱ ከሺህ በላይ ናቸው፣ ባለ 5ዎቹ ሠላሳ ምናምን። በጥቅሉ ሲቆጠር ከባለ 3ዎቹ ብዙ ተመራጭ ይወጣል፤ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ግን ከባለ 5 ኮከቦች ግማሽ ያህሉ ሲመረጡ ከባለ 3ዎቹ የሚያልፍላቸው ጥቂቶች ናቸው። ኳርተርባኩ ጆሽ አለን ያለ ኮከብ ተነስቶ በ2018 7ኛ መመረጡ እውነት ነው፤ እንደ እሱ ያለ ኮከብ ጀምረው የትም ያልደረሱትን ግን ማንም ዘርዝሮ አይጽፍም።

የቡድን ደረጃ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። 247 የቡድኑን ነጥብ ሲያሰላ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ምልምሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ክብደት ይቆጥርና ወደ ታች በወረደ ቁጥር ክብደቱን ያቀልላል። ቢሆንም 28 ልጅ ያስፈረመ ቡድን 16 ብቻ ያስፈረመውን በብዛት ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህ ከደረጃው ቁጥር ቀድማችሁ "አማካይ" የሚለውን ዐምድ እዩ፤ የ16ቱ አማካይ ከበለጠ፣ በጥራት የተሻለው እሱ ነው። የአንድ ዓመት ደረጃ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ስብስብ አስፈርሞ በዚያው ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቡድን ተበተኑ። አሰልጣኙ ጂምቦ ፊሸር በኖቬምበር 2023 ሲባረር ውሉን ለማፍረስ የሚከፈለው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የተሻለው ስሌት የምልመላ ጸሐፊው ቡድ ኤሊየት ያስለመደው "ብሉ ቺፕ ሬሾ" ነው፤ በእጅ ይሠራል። ባለፉት አራት ዓመታት ለቡድኑ የፈረሙትን የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ቁጠሩ፣ ከእነሱ ባለ 4ና ባለ 5 ኮከቦቹን ለዩ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ። ከ50 በመቶ በታች የሆነ ቡድን ለረጅም ዓመታት ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም ነበር። ክሌምሰን በ2016፣ ሚሺጋን በ2023 የውድድር ዘመን ያሸነፉት ከግማሽ በጥቂት ብቻ በልጠው ነው። ከግማሽ በታች የነበረው ቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) እስከ ፍጻሜ ደርሶ በጃንዋሪ 2023 ጆርጂያ 65 ለ 7 ቀጣው። መስመሩ የተሰበረው በጃንዋሪ 2026 ነው፤ ኢንዲያና ከመስመሩ እጅግ ዝቅ ያለ ሬሾ ይዞ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ማያሚን 27 ለ 21 ረታ።

ኢንዲያና እንዴት አመለጠ? ስሌቱ ከትራንስፈር ፖርታል፣ ማለትም ተጫዋቾች ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ከሚዛወሩበት መዝገብ የመጡትን አይቆጥርም። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ከ10 በላይ ተጫዋቾቹን አስከትሎ ነበር፤ ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛም ከካሊፎርኒያ በርክሌይ የተዛወረ ነው። እንዲህ ያሉት ልጆች በ17 ዓመታቸው ያገኙት ኮከብ ጊዜው አልፎበታል፤ የ22 ዓመት ጎልማሶች ናቸው፣ ኮሌጅ ላይ የተጫወቱት ፊልም አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ኮሌጆች በቀጥታ ለአትሌቶቻቸው ገንዘብ ማካፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ገንዘቡም የተፈተነውን ተጫዋች ወደ መግዛት እያዘነበለ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹን ሰንጠረዥ ከፖርታሉ ሰንጠረዥ ጋር አብራችሁ ካላያችሁ ግማሹን ብቻ ነው ያያችሁት። ድርጅቶቹ ሁለቱን የሚያዋህድ ሰንጠረዥ አላቸው፣ ግን የፖርታል ነጥቦቻቸው በጥድፊያ የተሰጡ ስለሆኑ እምነታችን በእነሱ ላይ ያነሰ ነው።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዳላስና በአትላንታ ልጆቻቸው ሄልሜት ያጠለቁ ሐበሻ ወላጆች የኮከቦቹን ገጽ በየማታው ማደስ አያስፈልጋቸውም። ኮከብ ስኮላርሺፕ አይደለም፤ "ከፍላችሁ ኮከብ እናስወጣለት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። በር የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው፦ ለዲቪዚዮን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ እርከን) ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው 16 ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፣ ከእነሱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ በእነዚሁ ኮርሶች ቢያንስ 2.3 የውጤት አማካይ ይጠየቃል። አሰልጣኞች የምልመላ ደብዳቤ መላክ የሚጀምሩት የ11ኛ ክፍል ሴፕቴምበር 1 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚመጣ የካምፕ ማስታወቂያ ልጁን አይተውታል ማለት አይደለም። የሀይላይት ፊልሙን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አድርጉት፣ ምርጡን እንቅስቃሴ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፣ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ልጁን በቀስት አመልክቱ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታም ጎን አስቀምጡ፤ አሰልጣኝ የሚፈልገው ልጁ ኳሱ በሌለበት በኩል ምን እንደሚሠራ ነው።

ስለ ዋጋው፦ ኮከቦቹ፣ ደረጃዎቹና የቡድን ሰንጠረዦቹ በነጻ ይታያሉ። በወር 10 ዶላር አካባቢ የሚከፈልበት ክፍል የውስጥ ወሬ ነው፤ ማን የት ጎበኘ፣ ማን ሊቀየር ነው። የአንድ ቡድን ጽኑ ደጋፊ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ቢከፍል ገንዘቡ አይባክንም፣ ፊርማውም ፖርታሉም እዚያው ስለሚወድቅ። ለሌላው ሰው ነጻው ይበቃል። የምትከፍሉ ከሆነ በተመዘገባችሁበት ዕለት የራስ-ሰር እድሳቱን አጥፉት፤ የመጀመሪያው ወር በርካሽ ተሰጥቶ በሁለተኛው ሙሉ ዋጋ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ።