«ገንዳችሁን ወደ ክሎሪን እንቀይርላችሁ» ለሚሏችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይችን አንብቡ (ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ)

ጀማው ሰላም ናችሁ? ይሄን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ላላቸው፣ ገስት ሀውስ ለሚሰሩ፣ ወይ ደግሞ ውጭ ሀገር ሆነው እዚህ ቤት እያሰሩ ገንዳ ለሚያስቆፍሩ ሰዎች ነው። ሰሞኑን «በሙሉ ፓኬጅ ወደ ክሎሪን እንቀይራለን» እያሉ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች አሉ፣ አጎቴ ቤት የሰሩትን በአይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስም አልጠራም፣ ስም ነገ ይቀየራል፣ አሰራራቸውን ግን ካወቃችሁ በር ላይ ትለዩዋቸዋላችሁ።

አጎቴ ኮምቦልቻ ነው ያሉት። ገንዳቸው 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ነው፣ ወደ 29 ሺህ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ልጃቸው ከዱባይ ያመጣላቸው በኤሌክትሪክ መዳብ ወደ ውሃው የሚለቅ መሳሪያ ነበራቸው። መዳብ አልጌን (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን) በደንብ ይይዛል፣ ጀርምን ግን ብቻውን ቶሎ አይገድልም፣ የሰፈር ልጆች ሁሉ እየመጡ ለሚዋኙበት ገንዳ ደግሞ ይሄ አያዋጣም። ስለዚህ ወደ ክሎሪን መግባቱ በራሱ ትክክል ነው፣ እኔም ደግፌዋለሁ፣ ችግሩ አሻሻጡና አሰራሩ ነው።

38 ሺህ ብር ሙሉውን አስቀድመው ተቀበሉ፣ ደረሰኝ «በኋላ እናመጣለን» ተባለ። ያመጡት ሁለት ባልዲ ነው፣ አንዱ ዱቄት አንዱ ክኒን፣ ሁለቱም ላይ ሌብሉ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ስሙ የለም፣ ፐርሰንቱ የለም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የለም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ አንዳቸውም «በፊት ውሃው ውስጥ ምን ትጨምሩ ነበር?» ብለው አለመጠየቃቸው ነው፣ ይሄን ያልጠየቀ ሰው ስራውን አያውቀውም ወይ ግድ የለውም፣ ሶስተኛ ነገር የለም። ምክንያቱም መዳብ ያለበት ውሃ ላይ ብዙ ክሎሪን ባንዴ ሲደፋበትና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲድነቱ ይበዛል) ከፍ ሲል መዳቡ ከውሃው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ነው የሚለጠፈው። መጀመሪያ መዳቡ ይለካል፣ ብዙ ከሆነ ከውሃው የተወሰነው ይቀየራል፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 መሀል ይደረጋል፣ ከዛ ክሎሪኑ ቀስ እየተባለ ነው የሚገባው። እነሱ ማታ መጥተው ዱቄቱን ሁለት ኪሎ ያህል ደፍተውበት ሄዱ፣ ጠዋት ላይ ነጩ ግድግዳና የደረጃው ጠርዝ ላይ ግራጫ፣ ቦታ ቦታ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ በብሩሽ ቢፈተግም አይለቅም።

እኔ የደረስኩት ጠዋት ተመልሰው ሲመጡ ነው። ስራዬ ከውሃ ላብራቶሪ ጋር ስለሚገናኝ አጎቴ ደውለው ጠርተውኝ ነበር። እዚህ ጋ በደንብ ልብ በሉልኝ፣ የብሩ ጨዋታ ያለው እዚህ ነው። ሰውየው ትንሽዬ ቲዩብ አውጥቶ ከገንዳው ቀዳ፣ የመለኪያዋን ክኒን ጨመረባት፣ ውሃው ለቅጽበት ሮዝ ሆነና ወዲያው ነጣ። «አዩ ሀጂ፣ ክሎሪኑ በኖ አልቋል፣ ሌላ ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፣ ልጆቹ ግን አሁንም መግባት ይችላሉ» አላቸው። ወላሂ ደሜ ነው የፈላው! ያ መለኪያ ላይ ክሎሪን ከልክ በላይ ሲበዛ ክሎሪኑ ራሱ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ሮዝ ብልጭ ብሎ ከነጣ የሚጠረጠረው በጣም መብዛቱ ነው እንጂ ማለቁ አይደለም። ከኪዮስክ የታሸገ ውሃ አስመጣሁ፣ አንድ እጅ የገንዳውን ውሃ ከዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ ጋር ቀላቅዬ በራሱ ክኒን ለካሁት፣ አሁን ሮዙ ጸንቶ ቀረ፣ 3 ነው ያነበበው። በ10 ሲባዛ 30 ሚሊግራም በሊትር ማለት ነው! ለመዋኛ ውሃ የሚፈለገው ከ1 እስከ 3 ነው። እዛ ውሃ ውስጥ ነው እንግዲህ ልጆች ይግቡ የተባለው፣ አይናቸውና ቆዳቸው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ሂሳቡን እናንተም መስራት ትችላላችሁ፣ ከባድ አይደለም። 29 ሺህ ሊትር ላይ ክሎሪኑን በሊትር 1 ሚሊግራም ከፍ ለማድረግ 29 ግራም ንጹህ ክሎሪን ይበቃል፣ ዱቄቱ 65 ፐርሰንት ከሆነ ወደ 45 ግራም ነው። 45 ግራም! እነሱ ሁለት ኪሎ ነው የደፉት። ለሳምንታት የሚሆን ነገር ባንድ ሌሊት ጨርሰው ጠዋት ሌላ ሊሸጡ መጡ።

ደግሞ «ክሎሪን ነው» ብቻ ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው እሺ እንዳትሉ፣ የትኛው ክሎሪን? በሉት። ኤችቲኤች የምንለው ዱቄት ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ ከ65 እስከ 70 ፐርሰንት፣ ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ ካልሲየምም ይጨምራል፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካላችሁ ይሄንን ማሰብ አለባችሁ፣ የፒኤቹም መውጣት ቀላል አይደለም፣ ፒኤች 7.5 ላይ ግማሽ ያህሉ ክሎሪን በደንብ ሲሰራ 8 ላይ ሲደርስ ሩብ ገደማው ብቻ ነው የሚቀረው። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ትራይክሎር ነው፣ 90 ፐርሰንት፣ እሱ ደግሞ ፒኤች ያወርዳል፣ ሳያኑሪክ አሲድ የሚባል ነገርም ውሃው ውስጥ ይተዋል፣ በልኩ ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሀይ ይጠብቀዋል፣ ሲጠራቀም ግን ክሎሪኑን ያደክመዋል፣ ማውጫው ደግሞ ውሃ መቀየር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 29 ሺህ ሊትር በቦቴ አስመጡ ሲሏችሁ አስቡት። በረኪናም 5 ፐርሰንት ከሆነ፣ ሽታና ሳሙና የሌለው፣ ቀኑ ያላለፈበት ከሆነ ይሰራል፣ ከሌላው ጋር በምንም እንዳትቀላቅሉት እንጂ።

ፀሀይ ክሎሪን ይበላል የሚሉት ውሸት አይደለም፣ መከላከያ የሌለው ክሎሪን ቀን ላይ በሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነን፣ ፀሀዩ ኃይለኛ ነው። ለዛ ነው ማታ የሚጨመረው። ማታ ተጨምሮ ፀሀይ ሳይወጣ «በኖ አለቀ» ካላችሁ ግን አትመኑት።

አሁን ከብሩም የሚብሰው። የሰውየው ረዳት ዱቄት የቀዳበትን ስኒ ሳይጠርግ ክኒኑ ባልዲ ውስጥ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት። ካልሲየም ሃይፖክሎራይትና ትራይክሎር ሲገናኙ፣ በተለይ ትንሽ እርጥበት ካገኙ፣ እሳት ሊያስነሱ ሊፈነዱም ይችላሉ። አንድ ስኒ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ክሎሪን የሚቀመጥበት ተንሳፋፊ እቃ ለሁለቱ በፍጹም አይሆንም። አሲድ ከማናቸውም ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁሌ ክሎሪኑ ነው ወደ ውሃ የሚጨመረው፣ ውሃ ክሎሪኑ ላይ አይፈስም። እነዚህን ሳይናገር ባልዲ አስቀምጦ የሚሄድ ሻጭ ቤተሰባችሁን አደጋ ላይ ነው ጥሎ የሚሄደው።

የአጎቴን ገንዳ ከፍተን ለፀሀይ ተውነው፣ ልጆቹን ከለከልን፣ ልኩ ውስጥ እስኪገባ በየቀኑ ተለካ። ውሃ መልቀቅ ካለባችሁም ክሎሪኑ ሳይወርድ ወደ ቦይ እንዳትለቁት፣ ዞሮ ዞሮ ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው፣ አሳውንም ይገድላል። ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ግን አሁንም አለ፣ ሰዎቹም ስልክ አያነሱም።

ስለዚህ ደረሰኝ ሳትይዙ ብር እንዳትሰጡ፣ ሙሉውን ደግሞ ቀድማችሁ እንዳትከፍሉ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፣ ግን ደረሰኝ ከሌላችሁ ንግድ መምሪያ ሄዳችሁ ምን ታሳያላችሁ? ከእነዚህ ሰዎች ሌብል የሌለው ባልዲ የገዛችሁ ካላችሁ አትክፈቱት፣ ዱቄቱንና ክኒኑን አራርቃችሁ ደረቅና አየር የሚገባበት ቦታ አስቀምጡ፣ ከቤንዚንና ከዘይት አርቁት፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም እንዳትጥሉት። የተከፈለበትን ቀን፣ የከፈላችሁበትን የባንክ ወረቀትና የባልዲውን ፎቶ ይዛችሁ 15 ቀኑ ሳያልፍ ሂዱ።