ሲስተርን አመሰግናለሁ፤ ጎንደር ያላችሁ አንብቡት

አራዳ ልብስ ስሰፋ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። "ነገ ነይ" ያልኳችሁማ በደንብ ታውቁኛላችሁ። አምና ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ እኔ ገና ጥለት እሰፋ ነበር፣ ባለቀሚሷ ደግሞ አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። እንዲህ ነኝ። አምስት ቀሚስ ጀምሬ አንዱንም አልጨርስም። መቀስ በእጄ ይዤ መቀስ እፈልጋለሁ። እናቴ "ልብህ የት ነው?" እያለች ነው ያሳደገችኝ።

እህቴ እየጎተተች አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጋ ወሰደችኝ። "አብጃለሁ እንዴ?" ብዬ መንገድ ሙሉ ተነጫንጬባታለሁ። ሲስተር መጀመሪያ የጠየቁኝ ከ12 ዓመቴ በፊት እንዴት ያለ ልጅ እንደነበርኩ ነው። ለካ ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ልብን ሰብስቦ አንድ ነገር ላይ ማቆየት የሚያስቸግር ነገር ከልጅነት የሚጀምር እንጂ በጎልማሳነት ድንገት የሚመጣ አይደለም። ስንፍናም አይደለም። ሐኪም ጋ ልከውኝ እሱም ያንኑ አለኝ። 38 ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።

ስለ ማይንድፉልነስ፣ ማለትም ልብን አሁን እየሆነ ባለው ነገር ላይ ስለማድረግ፣ ሲነግሩኝ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ መስሎኝ ፈራሁ፤ እኔ እንኳን እሱን፣ ቡና እንኳ በረካ እስኪደርስ ቁጭ አልልም። "ከሲንጀርህ ጀምር ልጄ" አሉኝ። አሁን እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ልብ እላለሁ፣ የመርፌዋን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሐሳቤ ወደ ገበያ ሲሄድ ራሴን ሳልሳደብ እመልሰዋለሁ። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መመለስ ነው። በተለይ ያለ ስድቡ ነገር ከብዶኝ ነበር።

ሌላው ምስጋና ነው። "ተመስገንማ ከአፌ አይጠፋም" አልኳቸው። "ለምኑ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በልኬት ደብተሬ ጀርባ ሦስት ነገር እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን "ዛሬ መቀሱን ሁለቴ ብቻ ፈለግሁት" ብዬ ጻፍኩ። ለሲስተር ሳሳያቸው ሳቁ፤ "አዎ፣ እሱን ነው የምልህ" አሉኝ። እኔ የማስታውሰው የተበላሸውን ቀሚስ እንጂ ያለቀውን አልነበረም።

አልዳንኩም። ትናንትም ጀበና ጥጄ ረስቼው ገንፍሏል። እሳቸውም ይሄ የመድኃኒትን ቦታ አይተካም፣ ሐኪም ያዘዘውን አታቋርጥ ብለውኛል። ዘንድሮ ግን ለጥምቀት ከተቀበልኩት 9 ቀሚስ 8ቱን በጊዜ አስረክቤያለሁ (ዘጠነኛዋ፣ ይቅርታ እህቴ)።

ለእንደኔ ዓይነት ሰው ትልቁ ነገር፣ በቀጠሮ ዋዜማ ማታ ደውለው ያስታውሳሉ። ብዘገይም አይቆጡም። ቅዳሜ ወረፋው ያሰለቻል፣ በጠዋት ሂዱ።

ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ካልመለስኩ ረስቼ ነው፣ ደግማችሁ ጻፉ።