ለአፈርና ለቅጠል ናሙናዎቼ የተጠቀምኩበት የአይሶቶፕ ምርመራ አገልግሎት

ደን የነበረ መሬት ወደ ሣር ሜዳ ሲለወጥ፣ በአፈሩ ውስጥ ካለው ካርበን ምን ያህሉ ከቀድሞዎቹ ዛፎች፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከአዲሱ ሣር እንደ መጣ ለመለየት ስል፣ የአፈርና የቅጠል ናሙናዎቼን ለአንድ የአይሶቶፕ ቤተ ሙከራ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ የአተም ዓይነቶችን መጠን ለሚለካ) ሦስት ጊዜ ልኬአለሁ። ያየሁት ነገር ሌላ ቤተ ሙከራ ለሚመርጥ ሰውም ስለሚጠቅም ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም።

እንዲህ ያለው ጥናት የሚቆመው እጅግ ጥቃቅን በሆነ ልዩነት ላይ ነው። በተፈጥሮ ካለው ካርበን ውስጥ ካርበን-13 የሚባለው ከባዱ ዓይነት 1.1 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የዛፎች ልኬት (የካርበን-13 ድርሻቸው ከዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚያሳየው ቁጥር) በአማካይ ወደ -27 በሺህ፣ የአብዛኞቹ የሞቃት አካባቢ ሣሮች ደግሞ ወደ -13 በሺህ ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 14 ያህል ስለሆነ፣ መሣሪያው በ1 በሺህ ብቻ ቢሳሳት የሣሩ ድርሻ በ7 በመቶ ገደማ ይዛባል።

በዚህ ረገድ ቤተ ሙከራው አመስግኜ የማልጠግበው ሥራ ሠርቷል። ውጤቱን የላከልኝ በናሙናዎቼ መካከል ከገቡት የማመሳከሪያ ቁሶች ንባብና ከተደገሙት ናሙናዎች ጋር፣ በተለኩበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ የማሽኑ ንባብ ከጠዋት እስከ ማታ ቀስ በቀስ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ራሴ ማረጋገጥ ችያለሁ። ቤተ ሙከራው ከካርበን ጋር ናይትሮጅንንም ይለካል፤ በናይትሮጅን-15 (በከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት) ሆን ተብሎ የበለጸጉ ናሙናዎች በማሽኑ ውስጥ ቅሪት ትተው ተከታዮቹን ስለሚያበላሹም፣ እነዚህን ከተፈጥሯዊዎቹ ለይቶ በሌላ ቀን ይለካል።

ያሳዘነኝ ሁለተኛው ዙር ነው። የላክሁት አፈር ኖራ ነበረበት፤ የኖራ ድንጋይ ካርበን ወደ 0 በሺህ ስለሚጠጋ፣ ጥቂቱም እንኳ ልኬቱን ወደ ሣሩ ጎትቶ የሌለ ለውጥ ያሳያል። የናሙና መቀበያው ቅጽ ግን ስለ ኖራ አንድም ጥያቄ አልነበረውም። ስጠይቃቸው ኖራውን በአሲድ አስወግደው እንደገና ለኩ፤ ሆኖም አሲድ የናይትሮጅኑን ልኬት ሊያዛባ እንደሚችል እየታወቀ፣ ካርበኑንም ናይትሮጅኑንም የለኩት አሲድ ከነካው አፈር ላይ ነበር። ካርበኑ ከታከመው፣ ናይትሮጅኑ ካልታከመው ክፍል መለካት ነበረበት፤ በዚህ ምክንያት ናሙናውን እንደገና ለመላክ ተገደድኩ። በሦስተኛው ዙር ቅጹ ተስተካክሎ አግኝቼዋለሁ፤ ቅሬታዬን ሰምተው ማረማቸውን አከብራለሁ።

አንድ ነገር ግን ከቤተ ሙከራው የሚጠበቅ አይደለም። ብስባሽ እየበሰበሰ ሲሄድ ካርበን-13 በጥልቀቱ መጠን ከ1 እስከ 3 በሺህ ሊጨምር ስለሚችል፣ ዛፉ ካልተቆረጠበት አጎራባች መሬት ከተመሳሳይ ጥልቀት ማነጻጸሪያ አፈር መውሰድ የተመራማሪው ድርሻ ነው።

ለቅጠል ናሙና አገልግሎቱን ያለ ስጋት እመክራለሁ። አፈር የሚልክ ሰው ግን አስቀድሞ ጥቂት አሲድ ጠብ ያድርግበት፤ አረፋ ካወጣ፣ ኖራ እንዳለበትና ናይትሮጅኑ ካልታከመው ክፍል እንዲለካለት በቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ።