74110 የቡና ችግኝ፦ ተክዬው ያየሁት

74110 የሚባለው የቡና ዓይነት ስሙ የስልክ ቁጥር ይመስላል። ጅማ ዙሪያ ቡና ያለው ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ብትጠሩለት ይገባዋል። እኔ የተከልኩት ማና ወረዳ፣ የቡ ከተማ አጠገብ፣ ከአባቴ በደረሰኝ ማሳ ላይ ነው። አሁን በደንብ እየተለቀመ ስለሆነ ልመስክርለት። የምወቅሰውም አለኝ።

ዋናው ነገር ጤናው ነው። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ የሚመጣው ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ቦታው ይሰረጉዳል፤ ውስጡ ይበሰብሳል። ከዚያ ይረግፋል፣ ወይ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ብርድና ዝናብ የሚበዛበት ደጋማ ቦታ ላይ ይብሳል። ከአባቴ የቀሩት አሮጌ ዛፎች ክረምቱ ሲከፋ እንዲህ ይሆናሉ። አጠገባቸው የቆመው 74110 ግን ፍሬውን እንደያዘ መስከረምን ይሻገራል።

ይህ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በሽታው አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጎረቤታችን አባባ ያንን ጊዜ ሲያነሱ፣ «ልጄ፣ ቅርንጫፉን ስትነካው ጥቁር ነበር የሚዘንበው» ይላሉ። መድኃኒት መርጨት ተሞከረ። መርጨቱ በሽታውን ይቀንሳል፤ ግን በየወቅቱ ደጋግሞ ነው፣ ውሃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነው፣ ዋጋውም ለትንሽ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተያዘ። የጅማ ምርምር ማዕከል፣ እኛ ሜልኮ የምንለው፣ ዙሪያው ሁሉ ታሞ እሱ ብቻ ደህና የሆነ ዛፍ ፍለጋ ውስጥ ገባ። የተገኙትን ዛፎች ደግሞ ሆን ብለው በሽታውን እየሰጡ ፈተኗቸው።

ቁጥሩም ከዚያ የመጣ ነው። 74 የተመረጠበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1974፤ 110 የዛፉ ተራ ቁጥር። የተገኘው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ የሚባል ቦታ ነው። ለገበሬ የተለቀቀው በፈረንጆቹ 1979 ነው። ከዚያው ቦታ የመጣው 74112ም አልፏል። 74111 ግን ሲተከል ሰምቼ አላውቅም። በፈተናው የወደቁት ናቸው የሚበዙት፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም። እኔ ችግኝ ስገዛ የከፈልኩት ለእነሱም ጭምር ይመስለኛል። ያውም ያኔ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሁለት ችግኝ ይገዛ ነበር!

አሁን ወደ ወቀሳው። ፍሬው ትንሽ ነው። ለቃሚዎቹ «ቅርጫት አይሞላም» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። ዛፉ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ካልገረዛችሁት ውስጡ ይታፈናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰው «በሽታ አይነካውም» ብሎ መሸጡ ነው። የተፈተነው ለሲቢዲ ነው። ዛፉን ከነሥሩ የሚያደርቀው ሌላው በሽታ የኔንም ወስዶብኛል። ነቅሎ ከማቃጠል ሌላ አማራጭ አልነበረኝም።

ጣዕሙን በተመለከተ እኔ የጀበና ሰው ነኝ፤ ጥሩ ነው ከማለት በላይ አልራቀቅም። ውጭ አገር ቡና ቆልተው የሚሸጡት ግን ይህንኑ ቁጥር ከረጢታቸው ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ፤ ስለዚህ የሚያጣጥመው አላጣም።

ድቅሎቹ፣ ማለትም ሁለት የቡና ዓይነት ተዳቅሎ የተገኙት፣ ለምሳሌ አባ ቡና፣ የበለጠ ያፈራሉ ይባላል። ቢሆንም ከድቅል የለቀማችሁት ዘር እናቱን አይመስልም። ከ74110 ግን ራሴ ዘር ለቅሜ ችግኝ አፈላለሁ። ለኔ ይሄ ያሸንፋል።

ከችግኝ ጣቢያ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የገዛሁበት ቦታ ሌላ ዓይነት ቀላቅሎ ሰጥቶኛል፤ ሲያድግ ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ አጋለጠው። የ74110 ቅጠል ትንሽ ነው። 74112ንም ጨምራችሁ ትከሉ፤ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓይነት አትሙሉት። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንዱን ፕላስቲክ ቀዳችሁ ዋና ሥሩን እዩ። ከታች ከተጠማዘዘ አትውሰዱ።